የትኛውን ብሮውዘር ልጠቀም? ስለ ግል ምስጢርና ስለ ምቾት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስልካቸውን ወይም ላፕቶፓቸውን ይዘው መጥተው «እስቲ ይህን እይልኝ» የሚሉኝ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ። ብሮውዘር ስል ድረ ገጽ የምንከፍትበትን ፕሮግራም ማለቴ ነው። ስልክዎ በአማርኛ ከሆነ «አሳሽ» ተብሎ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ።

ከሁሉም የሚሻለው የትኛው ነው?

መልሱን ፈልጎ የመጣን ሰው ማንዛዛት አልወድም። ኮምፒውተር ላይና አንድሮይድ ስልክ ላይ ፋየርፎክስ፤ አይፎን ላይ ሳፋሪ። ምንም ሳይነካካ ማስታወቂያና ክትትል እንዲታገድለት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ብሬቭን ይጫን።

ከዚህ ምርጫ ይበልጥ አጥብቄ የምመክረው ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ብሮውዘር ይኑርዎት። አንዱ ለባንክ፣ ለኢሜይልና ለሥራ ብቻ ይሁን። ሌላው ለዜና፣ ለፍለጋ፣ ለመዝናኛና ከየትም ለሚላክ ሊንክ ይሁን። ስለ እርስዎ የሚሰበሰበው መረጃ ኃይል የሚያገኘው ሲደመር ነው። ስምዎን የሚያውቀው ገጽና ስለ ሕመምዎ ያነበቡበት ገጽ በአንድ ብሮውዘር ውስጥ ካላደሩ፣ ሁለቱን አገናኝቶ «ይህ ሰው እንዲህ ነው» ማለት ይከብዳል። ሁለተኛ ብሮውዘር መጫን ገንዘብ አያስከፍልም፤ ከስልኩም የሚወስደው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው።

እኔ ተራ ሰው ነኝ፤ ማን ይከታተለኛል?

ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ቆም ብዬ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ክትትሉ የተዘረጋው በትክክል ለተራ ሰው ነው። አንድ የዜና ገጽ ሲከፍቱ ገጹ ብቻውን አይመጣም። በውስጡ የማስታወቂያ ድርጅቶች ቁራጭ ኮዶች ተሸጉጠው ይመጣሉ፤ እነዚህም ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክት ብሮውዘርዎ ላይ ያስቀምጣሉ። ነገ የሕፃን ልብስ የሚሸጥ ገጽ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ስኳር በሽታ የሚያስረዳ ገጽ ሲከፍቱ ያው ድርጅት እዚያም ይኖራል፤ ምልክቱንም ያነበዋል። ስምዎን ላያውቅ ይችላል፤ ግን ሕፃን እንዳለዎት፣ ስኳር እንደሚያሳስብዎትና ሌሊት ስንት ሰዓት ድረስ እንደማይተኙ ያውቃል። እነዚህን ነገሮች ለጎረቤትዎ እንኳ አልነገሩም።

ብሮውዘሮች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሳፋሪ ከሌላ ድርጅት የሚመጣን ኩኪ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ያግዳል። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ኩኪ ለየብቻው ሣጥን ውስጥ ይዘጋል፤ አንዱ ገጽ ላይ የተቀመጠው ምልክት ሌላው ገጽ ላይ አይነበብም። ብሬቭም ማስታወቂያውንና መከታተያውን ገና ሲጫን ጀምሮ ይከለክላል።

ታዲያ ክሮም ምን አጠፋ? ሁሉም ሰው የሚጠቀመው እሱን አይደል?

ክሮም በአሠራሩ ጠንካራ ነው። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ቶሎ ይደፈናል፣ ፈጣን ነው፣ የማይከፍተው ገጽ የለም ማለት ይቻላል። ቅሬታዬ በባለቤቱ የገቢ ምንጭ ላይ ነው። ጉግል የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ስለዚህ ክትትልን የሚያጠብቅ ውሳኔ ሁሉ የራሱን ኪስ ይነካል።

ሁለት ምስክሮች አሉኝ። ጉግል እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ከሌላ ድርጅት የሚመጡ ኩኪዎችን በሁለት ዓመት ውስጥ ከክሮም አስወግዳለሁ አለ። ቀኑን ደጋግሞ ከገፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ዕቅዱን ተወው። ሁለተኛው፣ ክሮም የኤክስቴንሽኖችን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) አሠራር ሲቀይር ከማስታወቂያ ማገጃዎች ሁሉ የተወደደው ዩብሎክ ኦሪጅን በሙሉ ኃይሉ መሥራት አቆመ፤ ለክሮም የቀረው «ላይት» የተባለው የተቀነሰ እትም ነው። ፋየርፎክስ ላይ ግን ዋናው ዛሬም ይሠራል፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ ጭምር።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ቪቫልዲ፣ ብሬቭና የሳምሰንጉ ብሮውዘር ሁሉም የተሠሩት ክሮም በተሠራበት፣ ጉግል በሚመራው ክሮሚየም ላይ ነው። በስም የተለያዩ ቢመስሉም ውስጣቸው አንድ ነው። ፋየርፎክስ ጌኮ የሚባል የራሱ ሞተር (የድረ ገጹን ኮድ አንብቦ የሚያሳየው ክፍል) አለው። ዓለም ሁሉ በአንድ ድርጅት ሞተር ላይ ሲንጠለጠል ድረ ገጽ እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚወስነው ያ ድርጅት ይሆናል። ፋየርፎክስን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ምንም እንኳ አልፎ አልፎ አንዳንድ ገጽ ቢያንገራግርበትም።

የፋየርፎክስ ገንዘብ ከጉግል ይመጣል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። ፋየርፎክስን የሚሠራው የሞዚላ ገቢ አብዛኛው ጉግል ዋና የፍለጋ አገልግሎት ሆኖ ስለተቀመጠ ከሚከፈለው ክፍያ የሚመጣ ነው። አፕልም ለሳፋሪ እንዲሁ ይከፈለዋል። አሜሪካ ውስጥ በጉግል ላይ በቀረበው የሞኖፖል ክስ እንደተገለጸው፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የአጠቃቀም ውሉን ሲቀይር «መረጃዎን አንሸጥም» የሚለውን የቆየ ቃሉን ከገጹ ማንሳቱም ብዙዎቻችንን አስቆጥቷል፤ ከተቃውሞው በኋላ የውሉን አነጋገር አሻሽሏል። ንጹሕ የሚባል የለም። ፋየርፎክስ ግን ለቁጥጥር የተሻለ ክፍት ነው። ዋናውን የፍለጋ አገልግሎት ወደ ዳክዳክጎ መቀየር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀይሩት።

ሊንክ የምከፍተው ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ ነው፤ ይህስ ከብሮውዘር ይቆጠራል?

ይቆጠራል፤ ለብዙዎቻችን ዋናው ብሮውዘር እንዲያውም ይህ ነው። በመተግበሪያው ውስጥ ሊንክ ሲነኩ የሚከፈተው ገጽ የእርስዎ ፋየርፎክስ ወይም ሳፋሪ ላይሆን ይችላል፤ መተግበሪያው ራሱ የዘረጋው ትንሽ ብሮውዘር ይሆናል። ያስቀመጡት ማገጃ እዚያ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 አንድ ተመራማሪ ኢንስታግራምና ፌስቡክ በውስጣቸው በሚከፈተው ገጽ ላይ የራሳቸውን ኮድ እንደሚጨምሩ በተግባር አሳይቷል። እንዲህ ያለ ኮድ የት እንደነኩና ምን እንደጻፉ ለማየት የሚያስችል በር ነው።

ስለዚህ ከማንኛውም መተግበሪያ በመጣ ሊንክ ላይ የይለፍ ቃል አይጻፉ። በገጹ ጥግ ካሉት ሦስት ነጥቦች «በብሮውዘር ክፈት» የሚለውን ይምረጡና ለመዝናኛ በመደቡት ብሮውዘር ያንብቡ። ቴሌግራም ሊንኮችን በውጭ ብሮውዘር እንዲከፍት የሚያደርግ ምርጫ በሴቲንጉ ውስጥ አለው። አንዴ ካስተካከሉት ጉዳዩ አለቀ። የባንክ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ሊንኩን ፈጽሞ አይከተሉ፤ አድራሻውን ራስዎ ይጻፉ።

ኦፔራ ሚኒ ፓኬጅ ይቆጥብልኛል፤ ልተወው?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም። የሞባይል ዳታ ዋጋ ለተማሪም ለቀን ሠራተኛም እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ኦፔራ ሚኒም ለብዙ ሰው የመጀመሪያው የኢንተርኔት በር ነበር።

ቁጠባው የሚመጣው እንዲህ ነው። በከፍተኛው የቁጠባ ደረጃ ላይ ሲሆን ስልክዎ ድረ ገጹን በቀጥታ አያመጣም። የኦፔራ ሰርቨር (የኩባንያው ኮምፒውተር) በእርስዎ ፈንታ ይከፍተዋል፣ ምስሉን ያሳንሳል፣ ገጹን ይጨምቃል፣ ከዚያ ጭማቂውን ይልክልዎታል። ይህ ማለት ገጹ መሐል ላይ ተከፍቶ ይታያል ማለት ነው። ከስልክዎ እስከ ባንኩ ድረስ ሊዘልቅ የሚገባው ምስጠራ ሰርቨሩ ላይ ይቋረጣል። ኦፔራ ኦስሎ ውስጥ የተመሠረተ የኖርዌይ ኩባንያ ነው፤ ዛሬ ዋናው ባለድርሻ ኩንሉን የተባለ የቻይና ድርጅት ነው። ማንም ይሁን ማን፣ የይለፍ ቃሌ መሐል መንገድ ላይ እንዲፈታ አልፈልግም።

ስለዚህ ዜና ለማንበብና የስፖርት ውጤት ለማየት ይጠቀሙበት፤ ባንክ፣ ኢሜይልና ማንኛውም በይለፍ ቃል የሚገቡበት ነገር ግን አይግባበት። የዳታ ቁጠባን በሌላ መንገድም ማግኘት ይቻላል። የብዙ ድረ ገጾች ክብደት ጽሑፉ አይደለም፤ ማስታወቂያው፣ በራሱ የሚጀምረው ቪዲዮና መከታተያው ነው። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅንን ቢጭኑ ወይም ብሬቭን ቢጠቀሙ ይህ ሁሉ ገና ሳይወርድ ይቀራል። ምስጢርዎን የሚጠብቀው ማገጃ ፓኬጅዎንም ይጠብቃል።

ዩሲ ብሮውዘርን ግን ይሰርዙት። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት የተጠቃሚዎችን የስልክ መለያ፣ የፍለጋ ቃልና የቦታ መረጃ በቂ ምስጠራ ሳይኖረው ሲልክ አግኝቶታል።

«ማንነት የማያሳውቅ» የሚለውን ስከፍት ማንም አያየኝም?

ያዩዎታል። ይህ ዘዴ (የምስጢር መስኮት ልንለው እንችላለን) የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስኮቱን ሲዘጉ የከፈቷቸውን ገጾች ዝርዝርና ኩኪዎቹን ከስልኩ ላይ ያጠፋል። የኢንተርኔት አቅራቢዎ፣ የዋይፋዩ ባለቤት፣ የከፈቱት ድረ ገጽም እንደ ወትሮው ያዩዎታል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተጠቃሚዎች በዚህ ጉዳይ ጉግልን ከስሰው ነበር፤ በ2024 ድርጅቱ በዚህ ዓይነት አጠቃቀም ወቅት የሰበሰባቸውን በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ መዝገቦች ለማጥፋት ተስማማ።

ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ስልክዎን ከወንድም ከእህት ጋር የሚጋሩ ከሆነ፣ በሰው ኮምፒውተር ላይ ኢሜይልዎን የሚከፍቱ ከሆነ፣ ሁልጊዜ በዚህ ይክፈቱ።

ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ብሮውዘሩን ስከፍት የማላውቀው ሰው ኢሜይል ከነሙሉ ይዘቱ ተከፈተ። የፓስፖርት ቅጂ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቪዛ ማመልከቻ ሁሉ እዚያ ነበር። ዘግቼ ወጣሁለት፤ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንዳየው ግን እግዚአብሔር ይወቀው። በምስጢር መስኮት ይክፈቱ፤ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?» ሲልዎት እምቢ ይበሉ፤ ሲጨርሱ ከመለያዎ ይውጡና መስኮቱን ይዝጉ። ያወረዱትን ፋይልም ሳይሰርዙ አይነሱ። ባንክ እዚያ አይክፈቱ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ካለ ምንም ዓይነት ብሮውዘር አያድንዎትም።

አይፎን ላይ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ብጭን ለውጥ አለው?

ብዙም የለውም። አፕል በአይፎን ላይ ያሉ ብሮውዘሮች ሁሉ በራሱ ዌብኪት ሞተር እንዲሠሩ ያስገድድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሌላ ሞተር የፈቀደው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አስገድዶት፣ ለዚያው አካባቢ ነው። አይፎን ላይ ፋየርፎክስ ኤክስቴንሽን አይቀበልም፤ ሳፋሪ ይቀበላል። ኮምፒውተርዎ ላይ ፋየርፎክስ ካለ ግን የዕልባት (ቡክማርክ) እና የይለፍ ቃል ዝርዝርዎን ለማገናኘት ብለው ቢጭኑት ተገቢ ነው።

ስልኬና ኮምፒውተሬ እንዲመሳሰሉ እፈልጋለሁ፤ አደጋ አለው?

መመሳሰል ማለት የይለፍ ቃልዎና የከፈቷቸው ገጾች ዝርዝር በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ያድራሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቁልፉ በማን እጅ ነው ብለው ይጠይቁ። ፋየርፎክስ ከስልክዎ ሳይወጣ ይመሰጥረዋል፤ ሞዚላ ሊያነበው አይችልም። ብሬቭ መለያ እንኳ አይጠይቅም፤ መሣሪያዎችዎን የሚያገናኘው በረጅም የቃላት ሰንሰለት ወይም በኪውአር ኮድ ነው። ያን የቃላት ዝርዝር ያገኘ ሰው ሁሉን ስለሚያገኝ ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ አያስቀምጡት። ክሮም በተለመደው አሠራሩ ቁልፉን ራሱ ይይዛል፤ የራስዎን የማመሳሰያ ሐረግ ካስቀመጡ ግን ጉግል አያነበውም። ሳፋሪ በአፕል መሣሪያዎች መካከል ግሩም ነው፤ አይፎንና ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላለው ሰው ግን ያስቸግራል። ለተለያዩ መሣሪያዎች ፋየርፎክስን የሚያክል አላገኘሁም።

በአማርኛ መጠቀሜ ያጋልጠኛል?

ይህን የጠየቀችኝ አውሮፓ የምትኖር እህት ናት፤ ብልህ ጥያቄ ነው። ብሮውዘርዎ ገጽ ሲጠይቅ የሚመርጡትን ቋንቋ አብሮ ይልካል። ዋና ቋንቋዎ አማርኛ ከሆነ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ያውቃል። በዚህ ላይ የሰዓት ቀጠናዎ፣ የስክሪንዎ ስፋት፣ የጫኗቸው ፎንቶች ይደመራሉ። ይህ ኩኪ ሳያስፈልግ ሰውን መለየት ነው፤ የጣት አሻራ እንደማለት። ለዲጂታል መብቶች የሚሟገተው የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ከ470,000 በላይ ብሮውዘሮችን መርምሮ 83.6 በመቶው አምሳያ የሌለው አሻራ እንዳላቸው አግኝቷል። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ውስጥ ያለ፣ አማርኛን የሚያስቀድምና የግዕዝ ፎንት የጫነ ኮምፒውተር ከሕዝብ መሐል ቶሎ ይለያል። የትውልድ ቦታውንም ሳይጠየቅ ይናገራል።

ታዲያ አማርኛን እናጥፋ? አልመክርም። ቋንቋችን በስልክና በኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ የደከሙ ሰዎች አሉ፤ ተጠቃሚ በበዛ ቁጥርም አማርኛ መምረጥ ሰውን መለየቱ እየቀነሰ ይሄዳል። አንዱ ብሮውዘርዎ በአማርኛ ይቆይ። መለየት በማይፈልጉበት ጊዜ የሚጠቀሙበት ሁለተኛው ግን በእንግሊዝኛ ወይም በሚኖሩበት አገር ቋንቋ ይሁን። ብሬቭ ከእነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹን በየድረ ገጹ እየለዋወጠ ስለሚያሳስት ለዚህ ይመቻል።

በአማርኛ ለመጻፍ የሚጫኑ ኤክስቴንሽኖችን በተመለከተ፦ ሲጫን «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መቀየር» የሚል ፈቃድ ከጠየቀ የባንክዎን ገጽም ይጨምራል። ዊንዶውስ፣ አንድሮይድና አይፎን ራሳቸው የአማርኛ ኪቦርድ ስላላቸው ኤክስቴንሽን አያስፈልግም።

አረብ አገር ነው የምሠራው፤ ዋይፋዩ የአሠሪዬ ነው። ምን ያያሉ?

አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ (https) የሚጀምር ገጽ ሲከፍቱ ምን እንደጻፉና ምን እንዳነበቡ አያዩም። የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈቱ ግን ሊያዩ ይችላሉ። በፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ የተመሰጠረ ዲኤንኤስ የሚባለውን (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረውን ጥያቄ የሚሰውር) ማብራት ይህን ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለ ደመወዝዎ፣ ስለ ኤምባሲ ወይም ስለ ጠበቃ የሚፈልጉት ነገር ካለ ከተቻለ በራስዎ ሲም ካርድ ዳታ ይሁን። ስልኩን ሰው የሚነካው ከሆነ ደግሞ ከዋይፋዩ ይልቅ የሚያሳስበው እሱ ነው፤ በምስጢር መስኮት ይክፈቱ፣ ስልኩንም በቁልፍ ይዝጉ። ቪፒኤን (ግንኙነትዎን መስጥሮ በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ከመጠቀምዎ በፊት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ይጠይቁ።

ቶርስ?

ቶር ብሮውዘር ጥያቄዎን በሦስት ኮምፒውተሮች እያሳለፈ ከየት እንደመጣ ይሰውራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ ታግዶ እንደነበር የቶር ባለሙያዎች ራሳቸው ዘግበዋል። ለጋዜጠኛና ምንጩን መጠበቅ ላለበት ሰው ወሳኝ ነው። ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን አዝጋሚ ነው፤ ብዙ ባንኮችም አይቀበሉትም።

ስልኬ ላይ «ቫይረስ አለብህ» የሚል ማሳሰቢያ ሌት ተቀን ይመጣል።

አንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ «ፍቀድ» የሚለውን ነክተዋል፤ ይኸው ነው። በብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ «ማሳወቂያዎች» የሚለውን ይክፈቱና የማያውቋቸውን ድረ ገጾች ሁሉ ያስወግዱ። የሚያስፈራሩዎትን ማጽጃ መተግበሪያ አይጫኑ።

ሕጉስ አይጠብቀኝም?

ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መልካም ጅምር ነው። የውጭ የማስታወቂያ ድርጅት በብሮውዘርዎ ላይ የሚያስቀምጠውን ኩኪ ግን ዛሬ ማታ የሚያግደው የእርስዎ ሴቲንግ ነው።

ኮምፒውተሬ አሁንም ዊንዶውስ 7 ነው።

ክሮም ለዊንዶውስ 7 መታደስ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ነው። ፋየርፎክስ 115 የተባለውን እትሙን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሲያድስለት ቆይቷል። ቢሆንም የማይታደስ ኮምፒውተር ላይ ባንክ መክፈት ትልቅ አደጋ ነው፤ አቅም እስኪገኝ ለባንክ ስልክዎን ይጠቀሙ። ማሽኑ ቢያረጅም ሊነክስ ሚንት ሊቀበል ይችላል፤ ፋየርፎክስም አብሮት ይመጣል።

ብሮውዘር ብቀይር ያስቀመጥኩት ሁሉ ይጠፋል?

አይጠፋም። ኮምፒውተር ላይ ፋየርፎክስም ብሬቭም ገና ሲከፈቱ ዕልባትዎንና የይለፍ ቃልዎን ከክሮም ላምጣ ብለው ይጠይቃሉ፤ እሺ ይበሏቸው። ስልክ ላይ ይህ ስለማይመች መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ያስገቡና ከዚያ ያመሳስሉ። አሮጌውን ለአንድ ወር ያህል አይሰርዙት፤ የረሱት ነገር ሁልጊዜ ይኖራል።